የአቡነ ዮሴፍ መጽሐፍ ባርሴሎና ምን ይሠራል?

«ልጆቹን ይዘን ከከተማ እንውጣ፤ የት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ክረምት ሲቃረብ ይበዛል፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ይደገማል። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ የመንገድ፣ የማደሪያና የዋጋ መልስ ነው። በዚህ ወር ግን አንድ ነገር አብረን እናስብ። ላሊበላ ደረሳችሁ እንበል። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳለማችሁ፣ አያችሁ። በማግስቱ ጠዋት ልጃችሁ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ቀና ይልና «ያ ተራራ ምንድን ነው? ምን ይኖርበታል?» ይላል። የሚያስጎበኛችሁ ወጣት መልስ አያጣም፤ የላስታ ልጅ ለመልስ አይቸገርም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ወጣት ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ተራራው ምን አንብቦ ነበር የሚለው ነው።

ተራራው አቡነ ዮሴፍ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከአገራችን ታላላቅ ተራሮች አንዱ ነው። አናቱ አካባቢ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል፣ ጭላዳ በመንጋ ይውልበታል። ቀይ ቀበሮም አለበት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ የላስታ ነዋሪዎች ናቸው። ስፍራው ከዝጊትና ከአቦይ ጋራ ጋር ተጣምሮ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ጥብቅ ቦታ ሆኗል።

ስለዚህ ተራራ ወፎችና አጥቢ እንስሳት ብቻ የሚናገር አንድ መጽሐፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ያሳተመው ግን ወልድያም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም አይደለም፤ የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ነው። በርዕሱ ላይ ተራራውን «የኢትዮጵያ ስውር ዕንቁ» ይለዋል። ከማን ነው የተሰወረው ብዬ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ከሥሩ ያለው ገበሬ በየቀኑ ያየዋል። ቢሆንም ስፔኖቹን ማመስገን ይገባል። መጥተው፣ ወጥተው፣ ቆጥረው፣ ጽፈዋል። የሚቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ መጽሐፉን ወደ ተራራው ሥር መመለስ።

ለላስታ ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የወልድያው ነው። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ፣ ከዚያ «የቻይና መንገድ» የምንለውን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ሥራውን የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንም ላሊበላንም ሲያዳርስ ዩኒቨርሲቲው ከተዘረፉትና ከወደሙት ተቋማት አንዱ ነበር። የተጎዳ ቤተ መጻሕፍት ሲጠገን የመጀመሪያው ሐሳብ መደርደሪያውን ቶሎ መሙላት ነው፤ የሰው ልብ ባዶ መደርደሪያ አይወድም። በእኔ እምነት ግን መቸኮል የማይገባው ያኔ ነው። ከሂሳብና ከኮምፒውተር መጽሐፍ ጎን ለጎን፣ ስለ ፓርክ፣ ስለ መናፈሻ፣ ስለ ጉዞና ስለ ጨዋታ የሚናገር፣ በላስታና በአካባቢው ላይ የቆመ አንድ ክፍል ቢደራጅ ሌላ የትም የማይገኝ ስብስብ ይሆናል።

«መዝናናት ደግሞ ምን መጽሐፍ ያስፈልገዋል? ሄዶ መቀመጥ ነው እንጂ!» የሚል አይጠፋም። መናፈሻ የሚለው ቃላችንም ይህን አባባል የሚያግዝ ይመስላል፤ ከነፋስ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ወጣ ብሎ ነፋስ መቀበያ ማለት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተከፈተ፤ ወዳጅነት በዚያው ዓመት ጳጉሜን፣ እንጦጦ ደግሞ በ2013 መስከረም። ቤተሰብ እየተሰለፈ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን አስቡት። የትኛው ዛፍ በየትኛው አፈር ይጸድቃል? በእሑድ ከሰዓት ስንት ሰው ሲገባ ሣሩ ይሞታል? ዥዋዥዌውን በየስንት ጊዜው ማን ይፈትሻል? በአካል ጉዳተኛ ወንበር የሚሄድ ልጅ በየት በኩል ይገባል? ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ በዓለም ላይ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሲያስተምር ቆይቶ የዱር እንስሳትንና ኢኮቱሪዝምን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የጠየቅነው የሰሜኑ ተማሪ የራሱን ተራራ እንዲያነብ ነው።

እንዲህ ያለ ክፍል ለማደራጀት የመጀመሪያው እንቅፋት ገንዘብ ይመስላችኋል። አይደለም፤ መበታተን ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን የሚመድቡት ዴዊ በሚባለው የቁጥር አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ፓርክን እንደ መሬት ሀብት የሚያይ መጽሐፍ 333.78 ላይ ይቀመጣል። የዱር እንስሳት ጥበቃ 639.9፣ የመናፈሻ ንድፍ 712፣ ጨዋታና መዝናኛ 790፣ ስፖርትና የተራራ ጉዞ 796 ይሆናሉ። ስለ ወፍ 598፣ ስለ አጥቢ እንስሳት 599፣ ኢትዮጵያን ስለ መጎብኘት 916.3። እንግዲህ ስለ አቡነ ዮሴፍ ማወቅ የፈለገ ተማሪ ሰባት ስምንት መደርደሪያ መዞር ሊኖርበት ነው፤ ከሁሉም አንዳንድ ፍሬ ለቅሞ። የሚያዞረው ሰው ካላገኘ በሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ያወጣል። መድኃኒቱ መጽሐፎቹን ከቦታቸው ማፈናቀል አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር አስሮ «ላስታን ለማወቅ እነዚህን ተመልከት» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ነው። ወጪው የአንድ ቀለም ካርትሪጅ ያህል ነው።

ምን ምን ይግባበት ለሚለው፣ ከተጠየቅሁ የራሴ ምርጫ አለኝ። ከሁሉ በፊት «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት» በሚል የሚታወቀው 8 ቅጽ ያለው ሥራ፤ በአዲስ አበባና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ ነው። ጅብራውንም፣ አስታውንም፣ የይምርሐነ ክርስቶስን ጽድም ከዚያ ታገኙታላችሁ። በዚያው በ2009 ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ያወጡት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ ደግሞ ለአስጎብኚ ከጫማው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚያወጣው «ዋልያ» የተባለው መጽሔትም መቅረት የለበትም፤ ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የድሮዎቹ ዕትሞች ዛሬ ተራራው ምን እንዳጣ ለማወቅ ማወዳደሪያ ይሆናሉ።

ስሜንን እዚህ ላይ ማለፍ አልችልም፤ ለላስታ ትልቅ ወንድሟ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። አንዱ ሰው ከዓለት የፈለፈለው፣ ሌላው ፈጣሪ የቀረጸው፤ በአንድ ቀን መዝገብ ገቡ። የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ኃላፊ ኒኮል የሚባል የዌልስ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን «ከአፍሪካ ጣሪያ» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሰውየው በኋላ ጃፓን ገብቶ ታዋቂ ደራሲ ሆነ፤ እዚያም የተራቆተ ደን እየገዛ ሲያስጠብቅ ኖረ፤ ምናልባት ይህን ዓመል ያስያዘው ስሜን ይሆናል። መጽሐፉ ለወጣት ጥሩ ንባብ ነው፤ ነገር ግን የኃላፊ ዓይን ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። የፓርክ ታሪክ ሲጻፍ የኃላፊው መጽሐፍ በአንድ በኩል፣ ከብቱን በዚያ መስክ ያገደው ሰው ቃል በሌላ በኩል መቀመጥ አለበት። አንዱ ብቻ ያለበት መደርደሪያ ተማሪውን ያሳስተዋል። ነገ ያ ተማሪ የአቡነ ዮሴፍን ወሰን ከሚያካልሉት አንዱ ቢሆንስ? ግጦሹን የሚፈልገው አባወራ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ያን ቀን የሚያስፈልገው የወፍ ስም አይደለም።

ለዚያ ቀን የሚሆን ምሳሌ ደግሞ ከአገራችን አለ፤ የመንዙ ጓሳ። መንዞች ያን የጓሳ ሜዳ ለመቶዎች ዓመታት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ጓሳ ማጨድም ከብት ማስገባትም ክልክል ነው፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ይህ ሁሉ የታወቀው ተመራማሪዎች ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብለው ጠይቀው ስለ ጻፉት ነው። እነዚያ ጥናቶች ታትመው ላስታ ቢገኙ፣ የላስታ ገበሬና የላስታ ባለሙያ የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራቸዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ፤ መዝናኛ ማለት ተራራ ብቻ አይደለምና። ገበጣን ታውቁታላችሁ፤ ባለ 12ም ባለ 18ም ጉድጓድ አለ፤ በየአገሩ ሕጉ ይለያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነት ገበጣ መዝግቧል። ከመቶ በላይ! ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ስንት ዓይነት ቢሆን ነው? የገና ጨዋታም አለ፤ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆንበት። ላስታ ላይ ደግሞ የነሐሴዋ አሸንድዬ አለች፤ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚወጡበት። በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይሏታል። የአሸንድዬን ጨዋታ በካሜራ የቀረጸ ብዙ ነው። ግን የትኛዋ መንደር ምን ብላ እንደምትዘፍን፣ ቤት ለቤት ሲዞሩ የተሰበሰበው ምን እንደሚሆን፣ አያቶች በልጅነታቸው እንዴት ይጫወቱ እንደነበር በጽሑፍ ተመዝግቦ ከመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንዴት ያለ ሀብት ነው። ይህን የሚሠራው ተማሪ ነው። ክረምት ቤቱ ሲገባ ከእናቱና ከአያቱ ጠይቆ ስምንት ገጽ ጽፎ ይምጣ፤ መምህሩ ይረመው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይጠርዘው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሌላ የትም የሌለ ክምችት ይወጣዋል።

ቤተ መጻሕፍት እንዲህ በመልቀም እንደሚሠራ ምስክር አለን። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባል የፖላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ኮሌጁ ገና ለጋ ነው፤ መጽሐፉ ከውጭ የሚመጣ ነው። እሱ ግን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ለብቻ እየለየ ማከማቸት ጀመረ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ሲመሠረት ያ ክምችት መነሻ ሆነው። ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪ የሚመጣበት ቤተ መጻሕፍት እሱ ነው። አንድ ሰው መለየት ስለ ጀመረ ነው ይህ የሆነው። ወልድያ ላይም የሚለይ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው ተብሎ በደብዳቤ የተሰጠው፣ በየዓመቱ የማይቀያየር።

ያ ሰው መጽሐፍ ቤት ብቻ አይሂድ። ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ መጽሐፍ ሆኖ አያውቅም። በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» የተባለው የኅብረተሰብ ቱሪዝም ሥራ ሲጀመር መቋት ማርያም ላይ፣ ቀጥሎም ዋጀላ ላይ ገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ተሠሩ። እንግዳውን የሚያስተናግደው የመንደሩ ሰው ነው፤ ገቢውም የመንደሩ ነው። ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ የእግር ጉዞ ቱሪዝም ትምህርት ቤት የሆነ ነው። የእንግዳ መዝገቡ፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ ገቢው እንዴት እንደተከፋፈለ የተጻፈበት ደብተር፣ በቅሎ ነጂው ተራ የሚይዝበት ዝርዝር፣ ለቱሪዝም ተማሪ ከማንኛውም የአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣሉ። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርትም እንዲሁ፤ ቢሮ በተዛወረ ቁጥር ስንቱ ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ እንደሚጠፋ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ታውቃላችሁ። በ1 ለ50,000 መጠን የተሠሩት የቆዩ ካርታዎችም ይፈለጉ፤ ዛሬ ሰው የረሳው የምንጭና የመንደር ስም አንዳንዴ እዚያ ላይ ይገኛል።

የላሊበላ አስጎብኚዎች ደግሞ ራሳቸው የሚሄዱ መጻሕፍት ናቸው። በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ ከዚያም በግጭቱ እንግዳ ሲጠፋ ብዙዎቹ ሥራ ፈትተዋል፤ ከተማውን ለቅቀው የሄዱም አሉ። አስጎብኚ ሲሄድ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ አብሮት ይሄዳል። ጭላዳው በየትኛው ወር በየትኛው ገደል እንደሚያድር፣ የቱ ምንጭ በግንቦት እንደሚደርቅ፣ የቱ አቋራጭ በክረምት ልጅ ይዞ እንደማይኬድ። ይህን ከአፋቸው ቀድቶ ለማስቀመጥ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል፤ ለጊዜያቸው ግን ይከፈላቸው። «ለአገር ነው» እያሉ የሰውን እንጀራ በነፃ መውሰድ ደግ አይደለም።

የቋንቋው ጉዳይ አለ። ከላይ የጠቀስኋቸው መጻሕፍት ማለት ይቻላል ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። ሁሉን ተርጉሙ ማለት ቀልድ ነው። ነገር ግን ለያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ጽፎ በመጽሐፉ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስለ ምን እንደሚናገር፣ ስለ አካባቢያችን የቱ ገጽ ላይ እንደሚገኝ፣ የእንስሳውና የዕፁ ስም በላስታ ምን እንደሚባል። ተመራቂ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋም፣ የሆቴል ሠራተኛውም ያኔ በሩን ይገፋሉ።

እኛስ? ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን መጽሐፍ በካርቶን መላክ ይወዳሉ፤ ልባቸው መልካም ነው። ሃያ ዓመት ያለፈበት የሌላ አገር የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ግን ቦታ ከመያዝ በቀር ለማንም አይሆንም፤ የማጓጓዣው ዋጋ አንዳንዴ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ከመላካችሁ በፊት ቤተ መጻሕፍቱን «የጎደላችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝር ከሌላቸው፣ ጥያቄያችሁ ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ያደርጋቸዋል። የወፎቹን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ መግዛት፣ ከሦስት ካርቶን ይልቅ ይጠቅማል።

ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ ያልጠረጠራችሁት ነገር ይኖራል። ብራድት የተባለው የኢትዮጵያ የጉዞ መምሪያ የመጀመሪያ ዕትም እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፤ አሮጌ ቅጂ ካላችሁ አትጣሉት፣ ያኔ ላሊበላ ስንት ሆቴል እንደነበራት የሚናገር ሰነድ ሆኗል። «የ13 ወር ፀጋ» ከሚለው ዘመን የቀረ የቱሪዝም ፖስተር፣ ብሮሹር፣ የፖስታ ካርድ ካለም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን የቤተሰብ ፎቶ። አባታችሁ በ1970ዎቹ አሸተን ማርያም ሲወጡ የተነሱት ፎቶ ላይ እሳቸውን ታያላችሁ፤ የደን ተማሪ ግን ከኋላቸው ያለውን ዛፍ ያያል፤ ዛሬ አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል። ፎቶውን መስጠት ከከበዳችሁ ጥርት አድርጋችሁ አስነስታችሁ ቅጂውን ስጡ። ከጀርባው ቦታውን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።